ልጆችን ይዞ የማለዳ የእግር ጉዞ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጅ ይዞ ሃይኪንግ መውጣት ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ጫማ ነው፤ ቀጥሎ ስለ ምግብ። ሁለቱም ከታች አሉ። እኔ ግን የምጀምረው ከመነሻ ሰዓቱ ነው። እሱ ከተስተካከለ የቀረው ብዙ አያስቸግርም።

ለምን በማለዳ? ተረጋግተን ረፋዱ ላይ ብንወጣስ?

ትችላላችሁ፤ የሚከለክላችሁ የለም። ግን ማለዳ ከሚታየው ግማሹን አታዩትም። ወፎች በጣም የሚንጫጩት ንጋት ላይ ነው፤ ፀሐይ ልትወጣ ስትልና ከወጣች በኋላ ባለው አጭር ጊዜ። በዚያ ሰዓት ነፋስ ስለማይበዛ ድምፅ ርቆ ይሰማል። ወንዶቹ ወፎች በዝማሬያቸው «ይህ ሰፈር የኔ ነው» ይላሉ፣ እግረ መንገዳቸውንም ሴቶቹን ይጠራሉ። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ጫጫታው ይበርዳል። ጤዛውም ፀሐይ ስትጠነክር ይጠፋል።

የፀሐይዋ አቅጣጫም ይጠቅማል። ጠዋት ብርሃኗ በጎን ስለሚመጣ መሬት ላይ ያለ ትንሽ ጎድጓዳ ነገር ሁሉ ጥላ ይይዛል። እርጥብ አፈር ላይ ያለ የእንስሳ ዱካ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኩለ ቀን ላይ ያንኑ ዱካ ረግጣችሁት ታልፋላችሁ።

የጤናው ጉዳይም አለ። ቆዳ የሚያቃጥለው አልትራቫዮሌት ጨረር የሚበረታው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከቀኑ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በሞቃት ወራት ተራራማ አካባቢ ላይ ነጎድጓድ የሚበዛውም ከሰዓት በኋላ ነው። መሬቱ ሲግል ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ይወጣና ደመና ይከምራል።

ከሁሉም በላይ ግን፣ በማለዳ የሚወጣው ላለመቸኮል ነው። ልጅ ቀስ ይላል። አንድ ድንጋይ አጠገብ ሩብ ሰዓት ሊቆይ ይችላል። በጊዜ የወጣ ወላጅ ያንን ሩብ ሰዓት ይሰጠዋል፤ አርፍዶ የወጣው እጁን ይዞ ይጎትተዋል።

ስንት ሰዓት እንነሳ?

የመንገዱ መነሻ ላይ ፀሐይ ስትወጣ፣ ወይም ከወጣች ግማሽ ሰዓት በኋላ ብትደርሱ በቂ ነው። በጨለማ መጀመር ለትልልቆች ይሁን። ልጆች በጨለማ ይደናቀፋሉ፣ ይፈራሉም።

ዋናው ሥራ ያለው ማታ ነው። ቦርሳው ይዘጋጅ፣ ውሃው ይሞላ፣ ካልሲ ሳይቀር በር አጠገብ ይቀመጥ። ጠዋት «ሌላኛው ጫማ የት ገባ?» እየተባለ የሚፈለግበት ቤት ወፎቹ ላይ አይደርስም። ትንንሾቹን የነገውን ቲሸርትና ሱሪ አልብሶ ማስተኛትም ያዋጣል፤ ነውር የለውም።

ከእንቅልፋቸው ግን አትቀንሱ፤ በጊዜ ይተኙ። አምሽቶ የተኛ ልጅ በንጋት ከተቀሰቀሰ ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጭ ይውላል። እንደዚያ ከሆነ ለሌላ ቀን ማስተላለፍ ይሻላል፤ ጫካው የትም አይሄድም።

ምን ያህል ርቀት ይበቃቸዋል?

በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት አስቡ። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራበታል፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ ዳገት ተጨማሪ 1 ሰዓት። ይህ ግን ጠንካራ ለሆነ ትልቅ ሰው ነው፤ ዕረፍትም አልታሰበበትም። ልጅ ካለ ውጤቱን በሁለት አባዙት። ከአምስት ዓመት በታች ካለ በሦስት።

ለምሳሌ መንገዱ 4 ኪሎ ሜትር፣ ዳገቱ 150 ሜትር ቢሆን ስሌቱ 1 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ይላል። ከስድስት ዓመት ልጅ ጋር ከሁለት ሰዓት በላይ ያዙለት። ለጀማሪ የአራት ዓመት ልጅ 2 ኪሎ ሜትር ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ከቤት ሳትወጡ የመመለሻ ሰዓት ቁረጡ። ሰዓቱ ሲደርስ ጫፉ ጥቂት ሜትር ቢቀረውም ዙሩ። ልጅ ጉልበቱን እየቆጠበ አይሄድም፤ እስኪያልቅበት ይሮጥና ድንገት ዘጭ ይላል። ያን ጊዜ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ከሆናችሁ ተሸካሚው ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። በዚህ የተነሳ ለመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በመጡበት መመለስ የሚቻልበትን መንገድ እመርጣለሁ። ክብ መንገድ ያምራል፣ ግን መሃሉ ላይ ከደረሳችሁ በኋላ መመለሱም መቀጠሉም ያው ነው።

ከስንት ዓመታቸው ጀምሮ ይወሰዳሉ?

ከጨቅላነታቸው። ሕፃን ለመሸከም ቀላል ነው፣ ብዙም አይጠይቅም። ፍሬም ያለው የጀርባ ማዘያ ግን ልጁ አንገቱን አጽንቶ ራሱን ችሎ መቀመጥ ሲችል፣ በአብዛኛው ከስድስት ወር በኋላ ነው የሚሆነው። ከዚያ በፊት ደረት ላይ የሚታዘልበት ይሻላል። አንድ ነገር አትርሱ፦ እናንተ ዳገት እየወጣችሁ ሲያልባችሁ የታዘለው ልጅ አይንቀሳቀስም። እናንተ ጃኬት ስታወልቁ እሱ ሊበርደው ይችላል። ማጅራቱንና ጣቶቹን በየጊዜው ዳስሱ።

ከባዱ ዕድሜ ከሁለት እስከ አራት ያለው ነው። «ራሴ እሄዳለሁ» ይላል፣ መቶ ሜትር ሄዶ «እዘለኝ» ይላል፣ ሲታዘል «አውርደኝ» ይላል። በዚህ ዕድሜ ጉዞ ማለት የትም ሳይደርሱ ውጭ መዋል ነው። ይህን ከተቀበላችሁት ደስ ይላል። ካልተቀበላችሁት ስድስት ዓመት እስኪሞላው ብትጠብቁ ይሻላችኋል።

መሃል መንገድ ላይ «አልሄድም» ብሎ ቁጭ ቢልስ?

ይላል። መጀመሪያ ምክንያቱን ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ ከአራቱ አንዱ ነው፦ ርቦታል፣ በርዶታል ወይም ሞቆታል፣ አንድ ቦታ አሞታል፣ ወይም ሰልችቶታል። «ምን ሆንክ?» ብትሉት «ደከመኝ» ነው የሚላችሁ፤ ትንሽ ልጅ ለሁሉም ነገር ያለው መልስ እሱ ነው። ስለዚህ መልሱን ትታችሁ በተራ ፈትሹ። ቁጭ በሉ፣ የሚቀመስ ነገር ስጡት፣ ጫማውን አውልቃችሁ እግሩን እዩ። ካልሲ ውስጥ የገባች አንዲት የሣር ፍሬ ጉዞ ታበላሻለች።

መሰልቸት ከሆነ መድኃኒቱ ሥራ ነው። መሪ አድርጉት። ከፊት የሚሄድ ልጅ ከኋላ ከሚጎተት ልጅ በጣም ይለያል፤ ያው ልጅ ራሱ። መንገዱ ላይ ምልክት ካለ ቀጣዩን ምልክት የማግኘት ኃላፊነት ይሰጠው። ወይም ቅርብ ግብ አሳዩት፦ «እዚያ የተጋደመው ግንድ ድረስ፤ ከዚያ እናርፋለን።» ቃላችሁን ግን ጠብቁ። ግንዱ ጋ ደርሳችሁ «ትንሽ እንቀጥል» ካላችሁ ሁለተኛ አያምናችሁም።

«አባዬ፣ ደረስን?» ሲላችሁ «ደረስን፣ ደረስን» አትበሉት። እውነቱን ንገሩት። «ገና ነን፤ ሁለት ዳገት አለ፣ ከዚያ ሜዳ ነው።» ልጅ እውነቱ ሲነገረው ከምንገምተው በላይ ይችላል።

ከሁሉ የበለጠው ዘዴ ግን ሌላ ልጅ ይዞ መሄድ ነው። ከወላጁ ጋር ብቻውን ሲሆን በየመታጠፊያው የሚያለቅስ ልጅ ጓደኛው ካለ ዳገቱን በሩጫ ይጨርሰዋል። ለምን ብዬ አልመራመርም። እጠቀምበታለሁ።

እንስሳም ሆነ ዕፅዋት ስማቸውን አላውቅም። ምን ላሳያቸው?

ስም አለማወቅ ችግር አይደለም። እንዲያውም ስም የሚያውቅ ወላጅ ስሙን ተናግሮ ያልፋል፤ የማያውቀው ቆሞ ያያል። ማለዳ ላይ የሚታዩ ጥቂት ነገሮች እነሆ።

የሸረሪት ድር። ቁጥቋጦ ላይ፣ ሣር መሃል ፈልጉ። ጤዛ ሲያርፍበት እያንዳንዱ ክር በነጠብጣብ ተሞልቶ ይታያል። ቀን ላይ ያው ድር እዚያው ቢኖርም አይታይም። ጎንበስ በሉና ከብርሃኑ አንጻር ተመልከቱት። መሃል ላይ የሚሰበሰቡት ክሮችና ዙሪያውን የሚዞሩት ክሮች ሥራቸው የተለያየ ነው። ከመሃል ወደ ዳር የሚዘረጉት አይጣበቁም፤ ዙሪያውን የሚጠመጠሙት ናቸው ነፍሳቱን የሚይዙት። ሸረሪቷ ስትሄድ የትኞቹን እንደምትረግጥ ልጁ ይከታተል። እንደዚህ ክብ ድር ከሚሠሩት ሸረሪቶች ብዙዎቹ አሮጌውን ድር በልተው በየቀኑ አዲስ ያደራሉ። ይህን የሰማ ልጅ «ቤቷን ትበላለች?» ብሎ ወደ ቤት እስክትመለሱ አይለቃችሁም።

ቢራቢሮ። ማለዳ ላይ ክንፏን ዘርግታ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ካያችኋት እየሞቀች ነው። ጡንቻዎቿ ካልሞቁ በደንብ መብረር አትችልም። ስለዚህ በዚህ ሰዓት በጣም ቀርቦ ማየት ይቻላል። ጥላችሁ እንዳያርፍባት ብቻ ተጠንቀቁ። እንሽላሊትም እንዲሁ ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ይሞቃል።

የጉንዳን መንገድ። ጉንዳኖች የሚከታተሉት ፊተኞቹ መሬት ላይ የተዉትን ሽታ ነው። በእርጥብ ቅጠል መስመራቸውን በአንድ ቦታ ላይ ጠረግ አድርጉት። የሚመጡት እዚያ ሲደርሱ ግራ ይጋባሉ፣ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፣ ትንሽ ቆይተው መስመሩን ይቀጥሉታል። ቆማችሁ የምታዩበትን ቦታ ግን አስተውሉ። ሱሪ ውስጥ የገባ ጉንዳን ሳይንስ አይደለም።

ዱካ። የውሻ ዱካ አራት ጣትና የጥፍር ምልክት አለው። ድመትና አብዛኞቹ የድመት ዘመዶች ሲሄዱ ጥፍራቸውን ስለሚሰበስቡ ጣት እንጂ ጥፍር አይታይም። ይህችን አንዲት ነገር የያዘ ልጅ መንገዱን ሙሉ መርማሪ ሆኖ ይሄዳል።

ድምፅ። ቁጭ ብላችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑ። አዲስ ድምፅ በሰማችሁ ቁጥር አንድ ጣት እጠፉ። አሥሩ ጣት እስኪታጠፍ ማንም አያወራ። ለአምስት ዓመት ልጅ አንድ ደቂቃ ዝም ማለት ተአምር ነው፣ በዚህ ጨዋታ ግን ይችላል።

«ይህ ምንድን ነው?» ብለው የማታውቁትን ሲጠይቁ «አላውቅም፤ አንተ ምን ይመስልሃል?» በሉ። ፎቶ አንስታችሁ ቤት ስትገቡ አብራችሁ ፈልጉ።

ምን እናልብሳቸው?

ደራርቡ። ማለዳ ይበርዳል፣ ቆይቶ ይሞቃል። ወደ ላይ የምትወጡ ከሆነ ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቀንሳል። ከሥር ላብ ቶሎ የሚደርቅበት ቲሸርት፣ ከዚያ ሹራብ፣ ከላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት። ጥጥ ከረጠበ በኋላ ቶሎ አይደርቅም፣ ሙቀትም አይይዝም፤ በብርድ ቀን ሱፍ ወይም ፖሊስተር ይሻላል። ሱሪው ረጅም ይሁን። ሣሩ ጤዛ ስላለው ቁምጣ የለበሰ ልጅ እግሩ ይረጥባል፣ ሳማም ያገኘዋል።

የልብሱ ቀለም ደማቅ ቢሆን ጥሩ ነው። ብርቱካናማ ወይም ቀይ የለበሰ ልጅ ዛፍ መሃል ከሩቅ ይታያል።

ኮፍያ የግድ ነው። የፀሐይ ክሬም ስትነሱ ይቀባ፣ በየሁለት ሰዓቱ ይደገም። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ግን ከክሬም ይልቅ ጥላና ልብስ ይሻላል። ደመና ነው ብላችሁ አትተዉት፤ ጨረሩ በደመና ያልፋል።

ጫማስ?

የለመደው ስኒከር፣ ሶሉ ካላለቀ፣ ለአጭር መንገድ ይበቃል። ውድ የተራራ ጫማ አያስፈልግም፤ ከጥቂት ወር በኋላ ይጠበዋል። አዲስ ጫማ ግን በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አይደረግ። ቁልቁለት ላይ ጣቶቹ ጫፉን እንዳይገፉ ከፊት ትንሽ ቦታ ይኑረው። ልጁ «እግሬን ይሞቀኛል፣ ያቃጥለኛል» ካለ ያኔውኑ ቁሙና ቦታው ላይ ፕላስተር ለጥፉ። ውሃ ከቋጠረ በኋላ የሚደረገው ሁሉ የዘገየ ነው። ትርፍ ካልሲ ሁልጊዜ ያዙ፣ ለእናንተም ጭምር።

ምን ያህል ውሃና ምግብ እንያዝ?

ልጅ ጨዋታ ላይ ሆኖ ጥማቱን አያስታውስም። በየ20 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ያስጎንጩት። ከሚያስፈልገው ትንሽ ትርፍ ያዙ፤ የሚፈስ አለ፣ እጅ የሚታጠብበት አለ። የወንዝ ውሃ ጥርት ብሎ ቢታይም ሳይፈላ ወይም ሳይጣራ አይጠጣ።

ምግቡን በትንንሹ ከፋፍሉት። አንድ ትልቅ ምሳ ይዞ ጫፍ ላይ ለመብላት መጠበቅ ከልጅ ጋር አይሆንም። ፍራፍሬ፣ ዳቦ፣ የደረቀ ፍራፍሬ በየዕረፍቱ ይሰጥ። ከአራት ዓመት በታች ላሉ ሙሉ ለውዝና ጠንካራ ከረሜላ አትስጡ፣ በተለይ እየሄዱ፤ ያንቃል። በጣም የሚወዱትን አንድ ነገር ደብቁና ለመመለሻው መንገድ አስቀሩት። ጉቦ ነው። ይሠራል።

የራሱን ቦርሳ ይያዝ?

ይያዝ፣ ግን ቀላል። ውሃው፣ ጃኬቱ፣ ፊሽካው፣ ካለ አጉሊ መነጽሩ። ከክብደቱ አንድ አሥረኛ በታች ቢሆን ጥሩ ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከ2 ኪሎ በላይ አይሸከም። መጨረሻ ላይ ቦርሳው እናንተ ጀርባ ላይ እንደሚያርፍ አስባችሁ እሸጉ።

መጸዳጃ በሌለበት ምን እናደርጋለን?

ከመነሳታችሁ በፊት ሁሉም ይሽና። «አልመጣብኝም» የሚለውም። መንገድ ላይ ሽንት ቀላል ነው፤ ከመንገዱና ከውሃ ራቅ ማለት ብቻ ነው። ሰገራ ከሆነ ከወንዝ፣ ከምንጭና ከመንገድ ቢያንስ 60 ሜትር ርቃችሁ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ከዚያ አፈሩን መልሱበት። ለዚህ ትንሽ የአትክልት መቆፈሪያ ይበቃል። ሶፍቱን በፌስታል ቋጥራችሁ ይዛችሁ ተመለሱ። ዳይፐርና ዋይፕስ በፍጹም አይቀበርም፤ እንስሳት ቆፍረው ያወጡታል።

ብንጠፋፋስ?

ይህ ከሁሉ የሚያስፈራ ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ከልጁ ጋር አውሩበት። እ.ኤ.አ. በ1981 በደቡብ ካሊፎርኒያ አንድ የ9 ዓመት ልጅ ተራራ ላይ ጠፍቶ ሞተ። ከዚያ በኋላ ፍለጋው ላይ ከነበሩት ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ ለልጆች የሚሰጥ አጭር ትምህርት አዘጋጁ። «ዛፍ እቀፍ» ነው የሚሉት። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ እንደጠፋህ ባወቅክበት ቅጽበት ቁም፣ አንድ ዛፍ ምረጥ፣ ከዚያ አትንቀሳቀስ። የጠፋ ልጅ ወላጁን ፍለጋ በሄደ ቁጥር የሚፈለግበት ቦታ ይሰፋል። አንድ ቦታ የቆመ ልጅ ቶሎ ይገኛል።

አብረው የሚነገሩት ነገሮች ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ ማንም አይቆጣህም። ልጆች ቅጣት ፈርተው ከሚፈልጋቸው ሰው ይደበቃሉ፤ ይህ የተለመደ ነው። ሁለተኛ፣ ስምህን እየጠሩ የሚፈልጉህ የማታውቃቸው ሰዎች ቢሆኑም መልስ ስጥ።

ፊሽካ አንገቱ ላይ ሳይሆን ቦርሳው ማንገቻ ላይ ይታሰር፤ ገመዱ ቅርንጫፍ ላይ እንዳይዘው። ድምፁ ከጩኸት ይርቃል፣ ጉሮሮም አያደክምም። ሦስት ጊዜ ይንፋ፣ ይረፍ፣ እንደገና ሦስት ጊዜ። ፊሽካው ለጨዋታ እንዳልሆነ ግን አስረግጣችሁ ንገሩት። የተነፋ ሁሉ ውሸት ከሆነ የሚሰማው አይኖርም።

እናንተ ደግሞ ጠዋት ስትነሱ በዕለቱ ልብሱ ሙሉ ፎቶ አንሱት። የጫማውን ሶል ጭምር። ፈላጊዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ምን ለብሷል፣ ዱካውስ ምን ይመስላል ብለው ነው። የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለሚቀር ሰው ንገሩ። ሲሄዱ አንድ ትልቅ ሰው ከፊት፣ አንድ ከኋላ ይሁን። ልጆቹ መሃል ናቸው። ሁሉም መንገድ የሚለያይበት ቦታ ሲደርስ ቆሞ ሌላውን ይጠብቅ።

እባብ፣ ንብ፣ መዥገርስ?

እባብ አብዛኛውን ጊዜ እርምጃ ሲሰማ ይሸሻል። ችግር የሚመጣው ስንረግጠው ወይም ስንነካካው ነው። ሕጉ አንድ ነው፦ ማየት የማትችልበት ቦታ እጅህንም እግርህንም አትክተት። ድንጋይ ሥር፣ ጉድጓድ ውስጥ፣ ከግንድ ማዶ። ከነደፈ ልጁን አረጋጉ፣ የተነደፈው እጅ ወይም እግር እንዳይንቀሳቀስ አድርጉ፣ ቀለበትም ሆነ ጠባብ ጫማ አውልቁ፣ በፍጥነት ሐኪም ቤት ውሰዱ። አትብጡ፣ በአፍ አትምጠጡ፣ በገመድ አጥብቃችሁ አትሰሩ። እባቡን ለመግደልም አትከተሉት።

ንብ ከተናደፈች መርዟ የሚፈስበት መውጊያ ቆዳው ላይ ይቀራል። በምንም ይሁን በምን ቶሎ አውጡት፤ ፍጥነቱ ነው ዋናው። ከቦታው ራቁ፤ የተናደፈች ንብ ሌሎቹን የሚጠራ ሽታ ትተዋለች። ከንፈሩ ወይም ፊቱ ካበጠ፣ መተንፈስ ካስቸገረው፣ መላ ሰውነቱ ሽፍ ካለ አስቸኳይ ነው። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ አለርጂ የገጠመው ልጅ ሐኪም ያዘዘለት መርፌ ካለ ሳይያዝ አይወጣም።

መዥገር ቤት ስትገቡ ይፈተሻል፦ ከጆሮ ጀርባ፣ ፀጉር ውስጥ፣ ብብት፣ እምብርት፣ ብሽሽት፣ ከጉልበት ጀርባ። ከተገኘ ጫፉ በቀጠነ ወረንጦ ቆዳው ድረስ ዝቅ ብላችሁ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ዘይት መቀባት፣ በእሳት ማቃጠል የሚባለውን ተዉት።

ነጎድጓድ ቢጀምርስ?

ወደ ኋላ ተመለሱ። ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ድምፁ እስኪመጣ ሴኮንድ ቁጠሩ፤ ለሦስት ስታካፍሉት በግምት ርቀቱን በኪሎ ሜትር ታገኛላችሁ። 30 ሴኮንድና ከዚያ በታች ከሆነ 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፤ አደጋው እናንተ ጋ ደርሷል። ከተራራ ጫፍ፣ ከሜዳ፣ ከውሃ፣ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ራቁ። ቤት ወይም መኪና ውስጥ መግባት ነው የሚያስተማምነው። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። «ዛፍ እቀፍ» የተባለ ልጅ በመብረቅ ሰዓት እንዳይሳሳት ይህንንም ለይታችሁ ንገሩት።

ከፍታ ላይ ልጆች ይታመማሉ?

ዝቅተኛ ቦታ የሚኖሩ ከሆነ ከ2,500 ሜትር በላይ ሲወጡ ሊያማቸው ይችላል። ትልቅ ሰው «ራሴን አመመኝ» ይላል። ትንሽ ልጅ ግን ይነጫነጫል፣ ምግብ እምቢ ይላል፣ ያስመልሰዋል። በዚያ ከፍታ ላይ እንዲህ ከሆነ ሌላ ምክንያት እስካልተገኘ ድረስ ከፍታው ነው ብላችሁ ውረዱ። ነገ ይሻለዋል ብሎ መጠበቅ የለም።

ስልክ ይፍቀድላቸው?

አንድ ስልክ፣ ትልቅ ሰው እጅ ላይ፣ ባትሪው ሞልቶ። ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱት፤ ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክም ይሠራል። ለልጁ ፎቶ ማንሳት ካማረው ተራ ይድረሰው። ጌም ግን ቤት ይቅር።

አበባና ድንጋይ መሰብሰብ ይችላሉ?

የወደቀውን መንካት፣ ማየት፣ ማሽተት ይችላሉ። የበቀለውን መቅጠፍ አይ። የተጠበቀ ፓርክ ከሆነ ድንጋይና ላባ ማንሳትም ሊከለከል ይችላል፤ መግቢያው ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። የማያውቁትን ፍሬም ሆነ እንጉዳይ አፋቸው ውስጥ እንዳይከቱ ግን ምንም ድርድር የለም። መሰብሰብ ለሚወድ ልጅ መንገዱ ላይ የተጣለ ፕላስቲክ አለ። ጓንትና ፌስታል ስጡት፤ ብዙ ልጆች በዚህ ከእኛ የበለጠ ይተጋሉ።

እውነት ይጠቅማቸዋል ወይስ የእኛ ፍላጎት ነው?

ሁለቱም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነትን የሚያሠራ እንቅስቃሴ ይመክራል። የዓይኑ ጉዳይ ግን ብዙ ወላጅ የሚያውቀው አይመስለኝም። በቻይናዋ ጓንግዡ ከተማ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት አለ። የአንደኛ ክፍል ተማሪዎች በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ ውጭ እንዲቆዩ ተደረገ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከእነዚህ መካከል ሩቅ የማየት ችግር የጀመራቸው 30 ከመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ተጨማሪ ጊዜ ካልተሰጣቸው መካከል ደግሞ 40 ከመቶ ገደማ ነበሩ። የውጭው ብርሃን ከቤት ውስጡ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ምክንያቱ እሱ እንደሆነ ነው የሚታሰበው። ጫካ መሆኑ ግዴታ አይደለም ማለት ነው። ጫካው የኛ ትርፍ ነው።

አንዴ ሄዶ «ሁለተኛ አልሄድም» ቢለኝስ?

ወዲያው አትከራከሩት። እንቅልፍ ይተኛ፣ ይብላ። በማግስቱ «የትኛው ቦታ ላይ ነው የከበደህ?» ብላችሁ ጠይቁት። «ለምን ጠላኸው?» ከተባለ መልስ የለውም፤ ቦታው ሲጠየቅ ግን ያስታውሳል። «እዚያ ረጅሙ ዳገት ላይ»፣ «ጫማዬ ሲረጥብ»፣ «ስትቆጪኝ»። የሚቀጥለውን ጉዞ በግማሽ አሳጥሩት፣ ያንን ያስከፋውን ነገር አውጡለት፣ መንገዱን እሱ ይምረጥ። ጓደኛው እንዲመጣ ጥሩ። ያም ሆኖ እምቢ ካለ ጥቂት ሳምንት ተዉትና እናንተ ሂዱ። ስትመለሱ ስላያችሁት ዱካ እራት ላይ አውሩ፤ እሱን ለማጓጓት ብላችሁ ግን አታጋንኑ፣ ልጆች ቶሎ ይነቃሉ።